የቤት ዓምድ፤ ስለ አራዳ አሮጌ ቤቶች ታሪክ

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ7ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ባሠራ ጊዜ ከጢሮስ የመጣው ብልሃተኛ ኪራም ሁለት ዓምዶች ከናስ አፍስሶ በመቅደሱ ደጅ አቆማቸው። የአንዱ ዓምድ ቁመት 18 ክንድ፥ ዙሪያው 12 ክንድ ነበረ። በዕብራይስጥ የቀኙ ያኪን፥ የግራው ቦዔዝ ተባሉ። መምህራን ያኪንን ያጸናል፥ ቦዔዝን በእርሱ ኃይል አለ ብለው ይተረጉሙታል። የቤቱ ግንብና ሳንቃ፥ ወርቁና ዕቃው ሁሉ በተቈጠረበት ምዕራፍ እነዚህ የደጅ ዓምዶች እንደ ሰው ስም ወጥቶላቸው መገኘታቸውን አንባቢ ያስተውል። ሸክም የሚሸከም ነገር ስም ይገባዋልና።

ዓምድ የግዕዝ ቃል ነው፤ ሲበዛ አዕማድ ይባላል። በአማርኛ ምሰሶ ይሉታል። ነገር ግን አናጢው ቤት ሲሠራ ይህን አንድ ቃል ብዙ አድርጎ ይከፍለዋል። በቤቱ መካከል ቆሞ የጣራውን ጫፍ የሚሸከመው ምሰሶ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ የሚተከለው ቋሚ ነው፤ ቋሚዎቹን አግድም የሚያያይዛቸው ማገር ነው፤ ራሱ ሁለት ቅርንጫፍ ሆኖ ሌላውን እንጨት የሚቀበለው ባላ ነው፤ በቋሚዎች ራስ ላይ የሚጋደመው ወራጅ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው፤ አንዱ በሌላው ፈንታ ሊቆም አይችልም።

የቤቱ እንጨት በሕዝቡ አነጋገር ውስጥ ገብቶ የሰው ምሳሌ ሆኗል። አባወራው ወይም እናቲቱ የቤት ምሰሶ ይባላሉ፤ ልጅ ትዳር ሲይዝ ጎጆ ወጣ ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም የሃይማኖትን ትምህርት በአምስት ከፍለው፥ ምሥጢረ ሥላሴን፥ ምሥጢረ ሥጋዌን፥ ምሥጢረ ጥምቀትን፥ ምሥጢረ ቁርባንንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ብለው ሰየሙ። በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዐፄ ዓምደ ጽዮን ስሙ የጽዮን ምሰሶ ማለት ነው። በላሊበላ በቤተ ማርያም ውስጥ በመካከል የቆመው በጨርቅ የተሸፈነው ዓምድ ዓምደ ብርሃን ይባላል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ያዕቆብን፥ ኬፋንና ዮሐንስን እንደ አዕማድ የሚታዩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይናገራል። ይህ ሁሉ ምሳሌ የተወሰደው ሰው ከሚኖርበት ቤት ነው። ስለዚህ ምሳሌውን በደንብ ለማወቅ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ቤቱን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ለዚህም አዲስ አበባ፥ ይልቁንም አራዳ፥ የሚበቃ ታሪክ አላት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘመን ከእንጦጦ ተራራ በታች ተቈረቈረች። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ኮረብታ ላይ ከጭፍሮቻቸው ጋር ሰፈሩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው ሜዳ ገበያ ሆነ፤ ስሙም አራዳ ተባለ። በዚያ ዘመን የነበረው ቤት አብዛኛው ክብ ጎጆ ነበረ። ቋሚው ተተክሎ፥ ማገሩ በልጥና በጠፍር ታስሮ፥ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ተመርጎበት፥ ላዩ በሣር ይከደን ነበረ።

የጎጆው ብልሃት በእንጨቱ ብዛት ሳይሆን በሸክሙ አከፋፈል ነው። የሣር ክዳን ደረቅ ሲሆን ቀላል ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ይጠጣና ይከብዳል። የአዲስ አበባ ዝናም በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ያ ሁሉ ክብደት ከጣራው እንጨት ወደ ወራጁ፥ ከወራጁ ወደ ቋሚው፥ ከጫፉም ወደ መካከለኛው ምሰሶ ይወርዳል። ጣራው ግድግዳውን ወደ ውጭ ሊገፋ ሲሞክር በዙሪያው የታሰረው ማገር እንደ መቀነት ይይዘዋል። ስለዚህ ምሰሶው ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ማገሩ የተፈታበት ቤት ምሰሶው ቢጸናም ይከፈታል።

ይህ የምሰሶ አሠራር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት በ16ኛው ምዕራፍ ሶምሶን ቤቱ የተደገፈባቸውን ሁለቱን የመካከል ምሰሶች ይዞ እንደ ጣላቸው ተጽፏል። ከ1971 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. አሚሃይ ማዛር የተባለው የእስራኤል የቅርስ ተመራማሪ በዛሬዪቱ ቴል አቪቭ ውስጥ በምትገኘው በቴል ቃሲሌ የፍልስጥኤማውያን ቤተ ጣዖት ቆፍሮ ሲያወጣ፥ ጣራውን ይሸከሙ የነበሩት ሁለት የዝግባ ዓምዶች የቆሙባቸው ክብ ድንጋዮች በመካከል ተገኝተዋል። እንጨቱ በድንጋይ ላይ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። በአፈር ውስጥ የተተከለ እንጨት ከራሱ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በእግሩ፥ ከመሬት ጥቂት ከፍና ዝቅ ባለው ስፍራ ነው። ምስጡም የሚገባው በዚያው ነው። ይህን የአራዳ አናጢም ያውቀው ነበረ።

በመጀመሪያ ለቋሚና ለምሰሶ የሚፈለገው እንጨት ጽድና ወይራ ነበረ። ጽድ ምስጥ አይደፍረውም፤ ወይራም ጠንካራ ነውና ብዙ ዘመን ይቆማል። ነገር ግን ከተማው በሰፋ ጊዜ በአካባቢው ያለው ዱር እያለቀ ሄደ፤ ማገዶና የቤት እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ከዚህ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ሕንፃ አስጀምረው ነበረ። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያቆያት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ስለ አመጣጡ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ብሎ ሰየመው። ቶሎ ያድጋል፤ ከተቈረጠ በኋላም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ቀጭኑ ጨፈቃና ማገር፥ ወፍራሙ አጠናና ቋሚ ሆነ። እንዲህም ሆኖ አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ላይ ቆመች። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ እንደ ጽድ አይደለም፤ እግሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ከቆየ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ የአራዳ ቤት የሚኖረው በእንጨቱ ጥንካሬ ሳይሆን በጠባቂው ትጋት ነበረ።

ከዓድዋ ድል በኋላ፥ ማለት ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወዲህ፥ በአራዳ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዓድዋ ለወረደው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ባለ ስምንት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሠራለት። በዚህም ቤተ ክርስቲያን በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ፥ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ደፉ። የአገሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል፤ በብዙ ስፍራም የጣራው ክንፍ ወደ ውጭ ወጥቶ በዙሪያው በቆሙ ቋሚዎች ይደገፋል። ሕዝቡ ዝናምና ፀሐይ ሲሆን ከዚያ ሥር ይጠለላል። ስለዚህ የደጅ ዓምድ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋልና።

በዚያው ዘመን ህንዶች፥ አርመኖች፥ ግሪኮችና ዐረቦች ወደ አራዳ መጥተው ሱቅ ከፈቱ። ከህንድ የመጡ አናጢዎችና ግንበኞች ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ሠሩ፤ የቤተ መንግሥት ብልሃተኞች የሰፈሩበትም ቦታ እስከ ዛሬ ሠራተኛ ሰፈር ይባላል። ቆርቆሮ፥ ምስማርና መስተዋት በብዛት መምጣት ጀመረ፤ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስም ይህ ጭነት በረከተ። እንግዲህ የአራዳ ቤት መልኩን ለወጠ። ምድር ቤቱ በድንጋይ፥ ደርቡ በእንጨትና በጭቃ ይሠራ ጀመረ፤ በፊቱም በረንዳ ወጣለት። የአርመናዊው ሠሪ የሚናስ ኸርበክያን ቤት፥ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት የነጋድራስ በኋላም የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት፥ እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያቋቋሙት የእቴጌ ሆቴል፥ ሁሉም የዚህ አሠራር ምስክሮች ናቸው።

የበረንዳው ዓምድ ለጌጥ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛው፥ ሰገነቱንና የጣራውን ክንፍ ይሸከማል። ሁለተኛው፥ ጣራው ወደ ውጭ ሁለትና ሦስት ክንድ እንዲወጣ ስለሚያስችል ዝናሙ የጭቃውን ግድግዳ ሳይነካው ራቅ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። ጭቃ ከላይ ጥሩ ቆብ፥ ከታች ጥሩ ጫማ ካገኘ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ቆቡ የጣራው ክንፍ፥ ጫማው የድንጋዩ መሠረት ነው። ሦስተኛው፥ ቆርቆሮ እንደ ሣር ከባድ ስላልሆነ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ሊያነሣው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓምዱ ጣራውን ከታች መደገፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ይዞ ማቆየት ይገባዋል። አናጢው ስለዚህ የዓምዱን እግር ከምድር ከፍ ባለ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ያቆመዋል፤ በራሱም ላይ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ድጋፍ ያደርግለታል። ያ ክንፍ ዓይን ሲያየው ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ወራጁ በመካከል እንዳይጎብጥ ሸክሙን ወደ ዓምዱ የሚሰበስብ ነው። የህንድ አናጢዎች አበባና ሐረግ የቀረጹበት፥ የአገሩም አናጢዎች ከእነርሱ አይተው በየቤቱ ያባዙት ይህን ነው።

የበረንዳው ዓምድ ሌላም አገልግሎት ነበረው፤ ይኸውም የሰው ነው። በረንዳው የቤቱ ባለቤት ይሁን እንጂ ጥላው የመንገደኛው ነበረ። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ከዝናም የሚሸሸው ገበሬ፥ ማመልከቻ የሚጽፈው ጸሐፊ፥ የልብስ ሰፊው መኪና፥ የቆሎና የሎሚ ሻጪቱ ሁሉም ከዓምዱ ሥር ስፍራ ያገኙ ነበረ። ሌሊት ደግሞ ቤት የሌለው ድኻ በዚያ ይጋደማል። ከዚህ የተነሣ አማርኛ በረንዳ አዳሪ የሚል ስም አገኘ። ይህ ስም የኀዘን ስም ነው፤ ቢሆንም ባለ ቤቱ ለራሱ ያቆመው ዓምድ ስሙን ለማያውቀው ሰው ጣራ ይዞለት ማደሩን ይመሰክራል።

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ አዲስ አበባን ያዘ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሕዝቡን ፈጁ፤ በሣር የተከደኑትንም ጎጆዎች በውስጣቸው ካሉት ሰዎች ጋር አቃጠሉ። የአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለቀቀበት፤ ድንጋዩ ቆሞ ቀረ፤ ከነፃነት በኋላም ታደሰ። ለሰውነት መጠጊያ የሆነው ምሰሶና ማገር በዚያ ቀን የሞት መሣሪያ ተደረገ። ወራሪው የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ እርሱም መርካቶ ተባለ። በአራዳ ለነጮች የሚሆን ሱቅና መዝናኛ ሠራ፤ ፒያሳ የሚለውም የጣሊያን ስም ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ቀረ። በዚያን ጊዜና ከዚያ በኋላ የአርማታ ዓምድ በከተማው በዛ። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በፒያሳ ራስጌ የተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ የዚህ የአዲሱ ዘመን ምልክት ነው። አርማታ እሳትንም ምስጥንም አይፈራም፤ የእንጨቱ ዓምድ ግን በየሰፈሩ መቆሙን አልተወም።

የአሮጌዎቹ ቤቶች ትልቁ ፈተና ከእሳትም ከጦርም የመጣ አይደለም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ብዙ ተከራይ በዚህ አዋጅ እፎይ አለ፤ ከቤት የመባረር ፍርሃት ቀለለለት። ነገር ግን በአዋጁ ውስጥ ያልታሰበ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም የዓምዱ እግር ነው። ቀድሞ ክረምት ሳይገባ ባለ ቤቱ አናጢ ጠርቶ የበሰበሰውን እግር አስቈርጦ በአዲስ እንጨት ያስቀጥል፥ አሸንዳውን ያስጠርግ፥ ምርጊቱን ያሳድስ ነበረ። ኋላ ግን ቀበሌው ከጥቂት ብር ኪራይ የሚያሳድስበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ እጁን ሊያነሣ አይችልም። አንዱ ቤት ለአምስትና ለስድስት ቤተ ሰብ ተከፈለ፤ በረንዳው በቆርቆሮና በጣውላ ተጋርዶ ጓዳ ሆነ፤ ዓምዱም በግድግዳ ውስጥ ተሸሸገ። የማይታይ እግር ማንም አያድሰውም። እንዲህም ሆኖ 60ና 70 ዓመት የኖረው ቤት በ40 ዓመት ውስጥ ጎበጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው። በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የእቴጌ ሆቴል ተቃጥሎ ብዙው ክፍሉ ጠፋ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳና በአካባቢው፥ በዶሮ ማነቂያም ጭምር፥ አሮጌው ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳር ተወሰዱ። ከጥንት ቤቶች አንዳንዱ እንዲቆይ ሲደረግ ሌላው ከሰፈሩ ጋር ሄደ።

በዚህ ነገር ሁለት ሐሳብ ይሰማል፤ ሁለቱም እውነት አለበት። አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፤ ሰው በተጨናነቀ ክፍል፥ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ መጸዳጃ፥ በሚያፈስ ጣራ ሥር መኖር አይገባውም፤ የጎበጠ ምሰሶ ታሪክ ነው ተብሎ ሰው ከሥሩ ሊቀመጥ አይችልም። ይህ ቃል ትክክል ነው። ሁለተኛውም ወገን እንዲህ ይላል፤ ቤቱ የጎበጠው ከአሠራሩ ክፋት ሳይሆን ጠባቂ ከማጣት ነው፤ የተገፋውም እንጨቱ ብቻ አይደለም፥ እንደ ማገር እርስ በርሱ ተሳስሮ የኖረው ጎረቤት፥ ዕድርና ማኅበር ነው። ይህም ቃል ትክክል ነው። ከላይ እንደ ተነገረው ማገሩ የተፈታበት ቤት ምሰሶው ቢጸናም ይከፈታልና፥ ሰው አዲስ ቤት ቢሰጠው እንኳ አብሮት የነበረው ጎረቤት ወደ ሌላ ዳር ከተወሰደ የቤቱ ግማሽ ቀርቶበታል። ስለዚህ ጥያቄው አሮጌ ይቁም ወይስ አዲስ ይሠራ የሚል ብቻ አይደለም፤ ለቆመውም ለሚሠራውም የዓምዱን እግር በየክረምቱ የሚያይ ማን ነው የሚል ነው። ጠባቂ የሌለው አርማታም በጊዜው ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ያለው ብረት ውኃ ካገኘው ይዝጋልና።

መጽሐፍ ስለ ሰሎሞን ዓምዶች የመጨረሻውን ነገር እንዴት እንደ ጻፈ መመልከት ይገባል። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ25ኛው ምዕራፍና በትንቢተ ኤርምያስ በ52ኛው ምዕራፍ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ይዘው ሁለቱን የናስ ዓምዶች ሰባብረው ናሱን ወደ ባቢሎን እንደ ወሰዱት ይነገራል። ጸሐፊው ግን በዚያ በጥፋቱ ቀን ልቅሶ ብቻ አልጻፈም። ቁመታቸው 18 ክንድ እንደ ነበረ ደግሞ ጻፈ፤ በትንቢተ ኤርምያስም ዙሪያው 12 ክንድ፥ ውፍረቱ አራት ጣት፥ ውስጡ ባዶ እንደ ነበረ ተጽፏል። ዓምዱ ከፈረሰ በኋላ ልኩን መጻፍ ለምን አስፈለገ ቢሉ፥ ልኩ የታወቀ ነገር ፈጽሞ አይጠፋምና፤ አንድም ከምርኮ የሚመለሰው ትውልድ አባቶቹ ምን ያህል ነገር እንዳቆሙ ያውቅ ዘንድ ነው።

ለአራዳም እንዲህ ያለ ሥራ ጥቂት ተሠርቶላታል። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የአዲስ አበባን የጥንት ቤቶች በሥዕልና በጽሑፍ አኑረዋል። ነገር ግን በዚያ ያልገባ በየጓሮው ያለ ስንት የተቀረጸ ዓምድ አለ። ይህን ለመመዝገብ ሊቅ መሆን አያሻም። ልጆች ከመምህራቸው ጋር ወጥተው የአንዱን በረንዳ ዓምድ ቁመት በክንድ ቢለኩ፥ እንጨቱ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ መሆኑን አናጢ ቢጠይቁ፥ እግሩ በድንጋይ ላይ መቆሙን ቢያዩ፥ ከሥሩ ማን ይሰፋ ማንስ ያድር እንደ ነበረ ከሽማግሌ ሰምተው ቢጽፉ፥ ይህ ሥራ የሚፈጀው አንድ ደብተርና አንድ ቅዳሜ ነው። ይህ የሚደረገው ግን ዓምዱ ቆሞ ሳለ ነው። የኤርምያስ ጸሐፊ የናሱን ውፍረት በአራት ጣት ሊጽፍ የቻለው ከመሰበሩ በፊት የለካው ሰው ስለ ነበረ ነው።